ቆሎ ሻጯ ካሜራ ሲያዩ ለምን ፊታቸውን ያዞራሉ?

ባለፈው ቅዳሜ ካሜራ አንግተን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችን አዘገምን። ዓላማችን ሁለት ነበር፤ የመንገዱን ሕይወት በፎቶ ማስቀረትና በየጥጉ የሚሸጠውን እየቀመስን የመንገድ ላይ ገበያውን መቃኘት። ድንችና ቃሪያ በዳቦ የያዘውን እርጥብ ቀመስን፤ የምስር ሳምቡሳም በላን። ፎቶው ግን እንደ ምግቡ በቀላሉ አልተገኘም። አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ካሜራውን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለደንብ ነው የምታነሳው?» አሉን።

ጥያቄው የንግዱን ባሕርይ የሚገልጽ በመሆኑ አንባቢያችን ልብ ሊለው ይገባል። ሱቅ ያለው ነጋዴ ሰው ሁሉ እንዲያየው ማስታወቂያ ይሰቅላል። ፈቃድና ቦታ የሌለው የመንገድ ላይ ነጋዴ ግን ለደንበኛ መታየት፣ ከደንብ አስከባሪ ደግሞ መሰወር አለበት። ሁለቱ በአንድ ላይ አይሄዱም። ስለሆነም የሚይዘው ዕቃ በአንድ እጅ ተነስቶ የሚሮጥበትን ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ሰፌድ ቆሎ፣ አንድ ዘንቢል ሳምቡሳ። ቢወረስም ኪሣራው ከአንድ ቀን አያልፍም።

ይህ ጥንቃቄ ግን በነጻ አይገኝም። በኩንታል የሚገዛ ነጋዴ ቅናሽ ያገኛል፤ በየቀኑ በኪሎ የሚገዛው ግን ለዚያው ገብስ የበለጠ ይከፍላል። የሥጋቱ ዋጋ እንግዲህ ከቆሎው ጋር ተሰፍሮ ለበላተኛው ይደርሳል ማለት ነው።

ዋጋው ሳይጨምር ሲጨምር

በመንገድ ላይ ገበያ ዋጋ የሚጨምረው ሁልጊዜ በብር አይደለም። የቆሎዋ ስኒ ያችው ስኒ ናት፤ ነገር ግን ቀድሞ ከአፏ በላይ ተከምሮ ይሰፈር የነበረው ዛሬ ልክ በአፏ ይላል። ሳምቡሳውም እንዲሁ መጠኑ ይቀንሳል።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንዲት ሴት 100 ሳምቡሳ እያንዳንዱን በ10 ብር ሸጠች እንበል። ገቢዋ 1,000 ብር ነው። ለዱቄት፣ ለምስር፣ ለዘይትና ለከሰል 800 ብር ካወጣች 200 ብር ይተርፋታል። ወጪዋ በ10 በመቶ ቢጨምር 880 ብር ይሆናል፤ ትርፏም ወደ 120 ብር ይወርዳል። የወጪው ጭማሪ 10 በመቶ ሲሆን ከትርፏ የጎደለው ግን 40 በመቶ ነው። ሳምቡሳውን 11 ብር ብትል ደግሞ የመልስ ጣጣ ይመጣል፤ መንገደኛም መልስ እስኪገኝ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ሊጡን ማሳነስ ይቀላል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የመልሱን ችግር ቢያቃልልም፣ የዘይቱን ዋጋ ግን አያወርድም።

አገሪቱ ከምትጠቀመው የምግብ ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለ ምንዛሪ ሰምታ የማታውቅ ሳምቡሳ ጠባሽም የምንዛሪው ገበያ ተካፋይ ናት።

ፎቶው ለማን ይጠቅማል?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ፎቶም ያነሳውን አይለቅም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና እሱን የተኩት ልጆቹ ያነሷቸው ምስሎች ዛሬ የታሪክ ማስረጃ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው ዶሮ ማነቂያም ለብዙዎች የቀረው በፎቶ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ቤቱ ብቻ አልሄደም፤ በዚያ በኩል ይመላለስ የነበረው እግረኛም ተበተነ። የመንገድ ላይ ነጋዴ ትልቁ ካፒታሉ ደግሞ ይኸው እግረኛ ነው። ለነጋዴዎች ቦታ ሲሰጥ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባውም «በዚህ ስንት ሰው ያልፋል?» የሚለው ነው። ሰው የማያልፍበት መደብ ፈቃድ ቢኖረውም ገበያ የለውም።

ነገር ግን ለታሪክ የሚጠቅመው ፎቶ ዛሬ ለሚሸጡት እናት የክስ ማስረጃ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ቦታቸውን የሚያሳይ ምስል ደንበኛንም ደንብ አስከባሪንም እኩል ይጠራልና። ስለዚህ ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ሁሉ ምክራችን አጭር ነው፦ መጀመሪያ ይግዙ፤ ቀጥሎ ያስፈቅዱ፤ እምቢ ከተባሉ ካሜራውን ይመልሱ።

እኛም ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከተን ሁለት ስኒ ቆሎ አስሰፈርን። እናት ወረቀቱን ጠቅልለው ሲያቀብሉን ጥቂት አሰቡና፣ «እጄን ብቻ ከሆነ አንሳ» አሉን። በፎቶው ላይ ያለው ሰፌድ፣ ስኒና ሁለት እጅ ነው። ከጀርባ ያለውን ሕንፃ ሆን ብለን አስቀርተነዋል።