የስሜን ፎቶ አንሺና የሴንሰር ምርጫ

በ1962 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዋልያው ከምድረ ገጽ እንዳይጠፋ በማሰብ የስሜንን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ በነጋሪት ጋዜጣ ባወጀበት በዚያው ወር፣ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ የሚባሉ ሁለት ጠበብት፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን ሽልማት ያስገኘላቸውን ሲሲዲ የተሰኘ፣ ኋላ ብርሃንን ወደ ምስል የሚለውጥ የካሜራ ሴንሰር የሆነ ረቂቅ ሥራ ነደፉ። ግጥምጥሞሹ ምሥጢር የለበትም፤ ይሁን እንጂ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚወጣው እንግዳ ከምስል በቀር ይዞ የሚመለሰው ብዙም ስለሌለው፣ የካሜራ ነገር ለስሜን ግርጌ ከተሞች የገበያ ነገር ነው።

በሲሲዲ ሥርዓት እያንዳንዱ ፒክስል ከብርሃን ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተላለፈ በመጨረሻ በአንድ በር ይለካል፤ ይኸውም የገበያው ገብስ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ በአንድ ሰፋሪ ቁና ብቻ ቢሰፈር እንደ ማለት ነው። መስፈሪያው አንድ በመሆኑ ልኩ አይዛነፍም፤ ወረፋው ግን ይረዝማል፣ የሚፈጀውም ኃይል ይበዛል። ሲሞስ በተባለው ሌላው የሴንሰር ዓይነት ግን ባለ ገብሱ ሁሉ የየራሱን ቁና ስለያዘ ሥራው ይፈጥናል፤ ቁናዎቹ ፍጹም እኩል ባለመሆናቸውም በመጀመሪያው ዘመን ምስሉ ነቁጥ ይታይበት ነበር።

ታዲያ ነቁጥ የነበረበት እንዴት ረታ? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤሪክ ፎሰም በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለጠፈር መንኮራኩር የሚሆን ትንሽና ኃይል ቆጣቢ ካሜራ ሲሻ ያበለጸገው ሲሞስ፣ የኮምፒውተር ቺፕ በሚሠራባቸው ቀድሞ በነበሩት ፋብሪካዎች ሊመረት የሚችል ሲሆን፣ ሲሲዲ ግን ለብቻው የተለየ የአሠራር መሥመር ይፈልግ ነበር። ካነን እ.ኤ.አ. በ2000 ዲ30 የተባለውን ካሜራውን በሲሞስ ሠራ፤ ከዚያም የሞባይል ስልክ ገበያ ወጪውን እያወረደ ጥራቱን አሳደገ። ሦስቱን ቀለማት በሦስት ንብርብር የሚቀበለው ፎቪዮን የተባለው ሴንሰር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በሲግማ ካሜራ ሲወጣ ብዙዎች ቢያደንቁትም፣ በደብዛዛ ብርሃን ስለሚደክምና ገዢው ጥቂት ስለሆነ ከዳር ቀርቷል። በእኔ አስተያየት በውበት ረገድ የገበያው ፍርድ ግፍ ነበረበት፤ በሒሳብ ረገድ ግን ትክክል ነበር።

ዛሬ የገዢው ጥያቄ በሴንሰሩ ስፋት ላይ ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው 23.5 በ15.6 ገደማ ነው፤ የስፋቱ ልዩነት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፣ የወጪው ልዩነት ግን ከዚያም ያልፋል፤ ምክንያቱም ከአንድ የሲሊከን ዝርግ የሚወጣው ትልቅ ቁራጭ በቍጥር ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ አንዲት እንከን ስትገኝ የሚጣለው ትልቁ ቁራጭ ነውና።

የካሜራው ዋጋ ደግሞ ከዶላር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የምንዛሪ ሥርዓት ሲለወጥ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በጦርነትና በጸጥታ መታወክ ጎብኚ በራቀበት ዘመን ይህ በደባርቅና በዳባት ፎቶ አንሺ ላይ ከባድ ቀንበር ነው። ነገር ግን ጭላዳ በጠራ ፀሐይ ሣር የሚግጥ እንስሳ ስለሆነ እሱን ለመቅረጽ ትንሹ ሴንሰር ይበቃል፤ እንዲያውም በኤፒኤስ-ሲ ላይ 200 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ እንደ 300 አቅርቦ ስለሚያሳይ፣ ከገደል ማዶ የቆመውን ዋልያ ለመቅረጽ ይመረጣል። በተራራው ሰፈር ለሚያድር አስጎብኚም ክብደቱ መቅለሉ ሌላ ትርፍ ነው። በማሕሌት ሌሊት ወይም በምሽት ሠርግ ለሚሠራ ብቻ ሰፊው ሴንሰር ዋጋውን ይመልሳል።

ስለዚህ ለወጣት ማኅበራት የምታበድሩ ተቋማት፣ የካሜራውን ሜጋፒክስል ከመጠየቃችሁ በፊት ተበዳሪው በየትኛው ሰዓትና በምን ብርሃን እንደሚሠራ ጠይቁት፤ መልሱ ቀን በተራራ ላይ ከሆነ፣ ያገለገለ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራና አንድ ጥሩ ሌንስ ይግዛበት።