ፊርማ የሌለው ሥዕል የማን ነው? ስልካችንና ፊደላችን እስከ የት ያደርሱናል

ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር በ25 ዶላር የገዛሁት ሥዕል የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ይተርካል። አብዛኞቻችሁ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ከዘንዶው ይጀምራል፣ ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች፣ መጨረሻ ላይ ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦቱን ይዞ ይመጣል። በየክፍሉ ሥር አንድ መስመር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። የሠዓሊው ስም ግን የለም። መደብሩ የለጠፈበት ወረቀት «ሠዓሊው ያልታወቀ፣ አፍሪካ» ይላል፤ በቃ።

እንዲህ ያለ ሥዕል እጃችሁ ቢገባ በስልክና በነፃ ሶፍትዌር ምን ያህል መሄድ እንደሚቻል ላስረዳ። የዋጋው ነገር አለ፤ ስም ያለው ሥዕልና ስም የሌለው ሥዕል እኩል አይሸጡም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የዚያን ዘመን ሠዓሊዎች ሥራ በቱሪስት ሻንጣ ወጥቶ በየአገሩ ተበትኗል፤ አሁን ገዢዎቹ እያረጁ፣ ቤታቸው እየተሸጠ፣ ሥዕሎቹ እንደገና ወደ ገበያ እየወጡ ነው። በዚህ ጊዜ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ካላያቸው «ያልታወቀ» እንደተባሉ ይቀራሉ።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው የምስል ፍለጋ ነው። ጎግል ሌንስ የሚያወዳድረው ቀለምን፣ ቅርጽንና አቀማመጥን ነው። ቲንአይ ደግሞ ያንኑ ፎቶ ሌላ ቦታ ተለጥፎ እንደሆነ ይፈልጋል እንጂ ተመሳሳይ ሥዕል አያመጣም። ለእኛ ባህላዊ ሥዕል መመሳሰል ወጥመድ ነው። ይህን ታሪክ በክፍል በክፍል ከፍሎ የመሣል ልማድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሲስፋፋ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው በላቸው ይመር ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎች ያንኑ ቅደም ተከተል ተከትለዋል። ጥሩ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን መሣሉም የሁሉም ወግ ነው። ስለዚህ ሌንስ መቶ የሳባ ሥዕል ቢደረድርላችሁ የነገራችሁ ዓይነቱን ነው፤ እጁን አይደለም።

ቻትቦት መጠየቅም ይቻላል። የሚሰጣችሁ ስም አብዛኛውን ጊዜ ዝነኛው ስም ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ያንኑ ሥዕል ከሌላ ማዕዘን ቆርጣችሁ በአዲስ ገጽ ጠይቁት። ስሙ ከተቀየረ ማስረጃ አልነበረም።

እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ከፎቶው ነው። ፍላሽ አታብሩ። ሥዕሉን በመስኮት ብርሃን አጠገብ አቁሙና ስልኩን ከሥዕሉ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ አንሡ። ከዚያ ማታ መብራቱን ሁሉ አጥፍታችሁ አንድ መብራት ከጎን፣ ከሥዕሉ ጋር በጣም በተጠጋ ማዕዘን አብሩበት፤ የብሩሽ ጭረት፣ የተፋቀ ቦታና በእርሳስ የተሠመረ መስመር ጥላ ይሠራል። ለሌላ ሰው በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ደቃቁ ጽሑፍ ነው።

ቀጥሎ ፍሬሙን ማውለቅ። ፍሬም ሠሪዎች ጨርቁን አጥፈው ከእንጨቱ ጋር ስለሚመቱት ጠርዙ ላይ ያለ ጽሑፍ ይደበቃል። ጀርባውንም እዩ። የኖራ ወይም የጭቃና የጭድ ቅሪት ከተጣበቀበት ጨርቁ አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ብዙዎቹ በጨርቅ ተሥለው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ናቸውና። ያን ጊዜ ጥያቄው «ማን ሣለው» መሆኑ ያበቃል፤ «እንዴት ወጣ» ይሆናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለሽያጭ ከማውጣት በፊት ባለሙያ ማማከር ግድ ነው። የእኔው ንጹሕ አቡጀዲ ነበር።

ጨርቁን በአልትራቫዮሌት ባትሪ ማየትም ይረዳል። 365 ናኖሜትር የሚለውን ግዙ፤ ርካሹ 395 ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚረጭ ያሳስታል። ወደ ዓይን አታብሩት። ጨርቅን ነጭ የሚያስመስሉ ኬሚካሎች በስፋት የገቡት ከ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ስለሆነ አቡጀዲው ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ሥዕሉ የምኒልክ ዘመን ነው የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት። ጨርቁ በዘመናዊ ሳሙና ታጥቦ ከሆነ ግን ይህ ምልክት ዋጋ የለውም። የእኔው ቦግ አለ።

የታጠፈው ጠርዝ ላይ በዓይን ሊለይ የማይችል ቡናማ ጥላ ነበር። ለዋሻ ሥዕሎች የተሠራ ዲስትሬች የሚባል የኢሜጅጄ ተጨማሪ ፕሮግራም አለ፤ ተቀራራቢ ቀለሞችን አራርቆ ያሳያል። እርሱ ከሌላችሁ ጊምፕ ላይ ፎቶውን በ«ላብ» ከፋፍላችሁ ሦስቱን ንብርብሮች ለየብቻ ማየት ተመሳሳይ ጥቅም አለው። የወጣልኝ «አዲስ አበባ» እና በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመት ነው፦ ፲፱፻፷ ካለ በኋላ ፮ ወይም ፯። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በታተመ ጽሑፍ እንኳ ይቀራረባሉ፤ በብሩሽ ሲጻፉማ ይባስ። ልዩነቱ የአንድ ዓመት ቢሆንም ትንሽ አይደለም። 1966 ዓ.ም. አብዮቱ የፈነዳበት፣ 1967 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 2፣ ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱበት ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር የቆጠረው ከዚሁ ከሳባና ከሰሎሞን ልጅ ነበር። ሥዕሉ በየትኛው ወገን እንደተሣለ ማወቅ ደስ ይል ነበር፤ ለጊዜው ከመስከረም 1973 እስከ መስከረም 1975 እ.ኤ.አ. ባለው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ስም ግን የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይተወዋል። እኔ ግን 44 መስመር የእጅ ጽሑፍ ያለው ሥዕል ፊርማ የለውም ማለት ይከብደኛል።

ቴሰራክት የአማርኛ ሞዴል አለው፤ የሠለጠነው በታተመ ፊደል ስለሆነ ግን የብሩሽ ጽሑፍ የእርሱ ሥራ አይደለም። በኪይማን ወይም በጂቦርድ ራሳችሁ ጻፉት፤ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ሁለት ፋይል አዘጋጁ። አንደኛው ጽሑፉን ከነስሕተቱ፣ ፊደል በፊደል፣ ሁለት ነጥቡ ሳይቀር የያዘ። ሁለተኛው ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የቀየረ። ሁለተኛው ለፍለጋ ነው። ለምሳሌ «ሠዓሊ» የሚለው ቃል በሁለት ዓይነት ሠ እና በአራት ዓይነት ዓ ስምንት መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ ለኮምፒውተር ስምንት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የአማርኛ ፍለጋ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ይህን ማስተካከላቸው ልክ ነው። ግን ማስተካከሉ የጸሐፊውን አሻራ ያጠፋል፤ ስለዚህ አንደኛውን ፋይል አትንኩት።

የእኔ ጸሐፊ «ንግስት»ን ሁልጊዜ በስ ይጽፋል። «እየሩሳሌም» ይላል፤ «ሔደች» በሔ ነው። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጋል፣ መስመር መጨረሻ ላይ ግን ምንም የለም። ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆርጬ በሠንጠረዥ ደረደርኩ። ብዙ የሚናገሩት አናባቢ ምልክቶቹ ናቸው፦ የካዕቧ ጭረት እንደ ሉ እና ቡ ምን ያህል ትረዝማለች? የኃምሷ ቀለበት እንደ ሌ እና ቤ ትዘጋለች ወይስ ክፍት ትቀራለች? የእኔው ቀለበቷን ፈጽሞ አይዘጋም።

በዚህ ይዤ ወደ ጨረታ ቤቶች የድሮ ሽያጭ መዝገብ ገባሁ። በፊደል መፈለግ እዚያ ብዙ አይረዳም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ የኮምፒውተር መዝገብ ስምን የሚይዘው በላቲን ነበር። «በላቸው»ን አንዱ ቸን በሁለት የላቲን ፊደል፣ ሌላው በሦስት ይጽፈዋል፤ የመጀመሪያዋ በ ላይ ያለው አናባቢም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ስለዚህ በጽሑፍ መፈለጉን ትቼ «ኢትዮጵያ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ እያጎላሁ አየሁ። ሁለት ሳምንት ፈጀ።

የዓድዋ ጦርነት ሥዕል ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ፣ ጣሊያኖቹ በጎን በአንድ ዓይን። ከሥር «ሔዱ» የሚለው በሔ ነው፣ ቀለበቶቹ ክፍት ናቸው። ሻጩ «በማይታወቅ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ አለው» ብሎ መዝግቦታል። ያ የማይታወቅ ፊደል «ሣለው» ይልና ስምና የአባት ስም ይከተለዋል።

ፎቶዎቹን አዲስ አበባ ላሉ አንድ አንጋፋ ሠዓሊ ላክሁ። ጋሼ ደስታዬን ትንሽ ቀዝቀዝ አደረጉት። «ልጄ፣ ጽሑፉን ማን ጻፈው ብለሽ ቀድመሽ ጠይቂ» አሉኝ። አንዳንድ ሠዓሊ ሥዕሉን ጨርሶ ጽሑፉን እጁ ለሚያምር ሰው ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ከፊደሉ ቀጥሎ በሁለቱም ሥዕል ጣቶችን፣ ጆሮዎችንና የፈረስ ኮቴዎችን አወዳደርኩ፤ ሠዓሊ ሳያስብበት የሚሥላቸው ነገሮች ናቸውና። ጆሮዎቹ አንድ ናቸው። ጣቶቹ ይቀራረባሉ። ኮቴዎቹን ለማወዳደር የእኔ ሥዕል ውስጥ ያሉት ፈረሶች በጣም ትንንሽ ናቸው።

ሙዚየሞች ለዚህ ደረጃ ደረጃ አላቸው፦ «የእገሌ»፣ «የእገሌ ነው የሚባል»፣ «ከእገሌ ቤት የወጣ»፣ «በእገሌ መንገድ የተሣለ»። ሁለት ሥዕል ወደ መጀመሪያው አያደርሰኝም፤ ሁለተኛው ላይ ቆሜያለሁ። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩትም ቤተሰቡን እስካገኝ ነው። ለጨረታ ቤቱ ግን የዓድዋውን ጽሑፍ በፊደል ገልብጬ፣ ከሥሩ ስሙ በላቲን ሊጻፍ የሚችልባቸውን ሦስት መንገዶች ጨምሬ ልኬላቸዋለሁ። የእኔው ሥዕል ጀርባ ላይ ደግሞ አሲድ በሌለው ካርድ፣ በእርሳስ፣ ዓመቱን፣ የገዛሁበትን ቀንና «ጽሑፉ ከዓድዋው ሥዕል ጋር አንድ እጅ» የሚለውን ጽፌ አስሬያለሁ።