ነጥቡ ለምን ሐይቅ ውስጥ ወደቀ?

የሀዋሳን ካርታ ዘርግቶ የአገር አቀፉን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነጥቦች የሚደረድርበት ሰው አንዱን ነጥብ ሐይቁ መሐል ቢያገኘው መደንገጥ የለበትም። ጠያቂዎቹ ጀልባ አልተሳፈሩም፤ ዓሣም አልጠየቁም። ነጥቡ ከቦታው የተገፋው ሆን ተብሎ ነው።

ጥናቱ በ2008 ዓ.ም. ለአራተኛ ጊዜ ሲካሄድ መነሻው የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነበር። ቆጠራው አገሪቱን በ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ሸንሽኗታል፤ እያንዳንዱ በአማካይ 181 ቤተሰብ ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ 645ቱ በዕጣ ወጡ፤ ከየቆጠራ ቦታውም 28 ቤተሰብ ተመረጠ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ታብሌት ይዘው ደጅ አንኳኩ። ከጠየቁት ውስጥ ስለ ሞተ ልጅ፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ባል ሚስቱን መትቶ እንደሆነ ይገኝበታል።

እንዲህ ያለ መልስ የሰጠች ሴት ጎረቤት እንዳያውቅባት ስሟን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። ሰፈሩ ከታወቀ፣ ዕድሜዋን፣ የልጆቿን ብዛትና የቤቷን ጣሪያ ዓይነት ያየ ሰው ማንነቷን ሊገምት ይችላል። ስለዚህ የቆጠራ ቦታው ማዕከላዊ ነጥብ ለተመራማሪዎች ከመሰጠቱ በፊት በዘፈቀደ ይገፋል፦ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5፣ ከመቶ የገጠር ነጥቦች አንዱ ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ሐይቅ ዳር ላለ የሀዋሳ መንደር 2 ኪሎ ሜትር ውኃ ውስጥ ለመግባት ይበቃል።

ቤቱን መደበቅ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የቁጥሩን ትርጉም አለመደበቅ ነው።

ሀዋሳ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ በመዝገብ ላይ አድራሻዋን ቀይራለች። በ2008ቱ ፋይል ቤተሰቦቿ ያሉት በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ በመለያ ቁጥር 7 ሥር ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተለየ፤ በ2015 መጨረሻ ቀሪው ለሁለት ተከፈለ። እንግዲህ የድሮውን «ደቡብ» ከዛሬው ጋር ሳያጣራ የሚያነጻጽር ሰው የሚያነጻጽረው ሁለት የተለያዩ መሬቶችን ነው። በነጥቦቹ ተመርቶ የሲዳማን ቤተሰቦች ነቅሶ ቢያወጣም፣ ናሙናው የተወሰደው ለመላው ክልል እንጂ ለሲዳማ፣ ይልቁንም ለሀዋሳ ብቻ እንዲናገር አይደለም። የሚቀሩት ቤተሰቦች ጥቂት ስለሚሆኑ የስህተቱ ወሰን ይሰፋል።

የቀን አቆጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው። የብዙ አገሮች ፋይል በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጻፍ የእኛው በራሳችን ነው። ወሩ ወደ ፈረንጅ እንዲመለስ 92 ወር፣ ማለትም 7 ዓመት ከ8 ወር ይደመርበታል። ይህን ያላወቀ ተመራማሪ የልጆችን ክብደት ከዝናብ መዝገብ ጋር ሲያገናኝ፣ በ2005 ዓ.ም. ለተወለደ ሕፃን ገና ሳይፀነስ ዓመታት ቀድሞ የዘነበውን ዝናብ ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ግን ምንም ስህተት አላየም፤ ቁጥር ከቁጥር ጋር ገጥሞለታል።

የዳታ ባለሙያዎች ከፋይሉ እኩል ለማብራሪያው የሚጨነቁት ለዚህ ነው። መጠይቁ፣ የመለያ ቁጥሮቹ ዝርዝር፣ የናሙናው አመራረጥና የነጥቦቹ አገፋፍ ከዳታው ሳይነጠሉ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መቀመጥ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ፣ የብዙ አገሮችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳታ ያከማቸውና የሚያካፍለው መርሐ ግብር ቆሞ ዳታውን አዲስ የጠየቁ ተመራማሪዎች በር ላይ ቀርተው ነበር።

ሐይቁ ላይ ያለው ነጥብ ትክክል መሆኑን የምናውቀው አንድ የማብራሪያ ገጽ ስላለ ነው። ገጹ ከጠፋ ነጥቡ ተራ ስህተት ይመስላል። ዳታ ላጽዳ ብሎ የተነሳ ሰውም ይሰርዘዋል፤ ደጃቸውን ከፍተው የመለሱት ቤተሰቦችም አብረው ይሰረዛሉ።