መሥራችና ባለሀብት የሚገናኙበት ጠረጴዛ

በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም በምትጠልቅባት ሔልሲንኪ ከ10 ሺሕ በላይ ሰዎች ይሰበሰባሉ። የሚጠራቸው ስላሽ የተሰኘው የስታርትአፕ (የጀማሪ ኩባንያዎች) ጉባኤ ነው። ፊንላንድ 5.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት፣ ከለንደንም ከፓሪስም የገንዘብ ሰፈሮች የራቀች አገር ናት። ባለሀብቱን በዚያ ብርድ ወደዚያ የሚወስደው ምንድን ነው? መልሱን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ይሰጠናል፤ አዲስ አበባን የጉባኤ ከተማ ለማድረግ ለምንደክመው ለእኛም ይጠቅማል።

ገዥና ሻጭ መፈላለጋቸው ራሱ ወጪ አለው። ፒተር ዳይመንድ፣ ዴል ሞርተንሰንና ክሪስቶፈር ፒሳሪደስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህ የፍለጋ ወጪ ገበያን እንዴት እንደሚያውክ በማሳየታቸው ነው። ስንዴ የሚሸጥ ገበሬ ችግሩ ተቃሎለታል፤ የገበያው ቀን ይታወቃል፣ በዚያ ቀን ገዥው ሁሉ ይመጣል፣ ዋጋውም እዚያው ይቆረጣል። የጀማሪ ኩባንያ ድርሻ ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ቀን የለውም። ሦስት ጓደኛሞች ለችርቻሮ ሱቆች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠሩ እንበል። ባንክ ሲሄዱ መያዣ ይጠየቃሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲውል ቢፈቅድም፣ ኮድና ጥቂት ደንበኞች አስይዞ መበደር ዛሬም ከባድ ነው። ስለዚህ ትርፉንም ኪሳራውንም የሚጋራ፣ ዘርፉን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው ናይሮቢ ይሁን ዱባይ ወይም ዋሽንግተን አያውቁም፤ እሱም እነሱ መኖራቸውን አልሰማም። ጉባኤ የሚሸጠው ይህንን የገበያ ቀን ነው።

ስላሽ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር 300 ያህል ሰው የተገኘበት ትንሽ ስብሰባ ነበር። መልኩ የተለወጠው በ2011 የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲረከቡት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመሩት በአብዛኛው በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ አዳራሹን የሚያንቀሳቅሱትም ከሺሕ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህ ወጪ ለመቀነስ ብቻ የተደረገ አይመስለኝም። አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ለሁለት ቀን ባለሀብት ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበል፣ ጠረጴዛ ሲያስይዝ፣ ቀጠሮ ሲያስታውስ ሰንብቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የባለሀብቱን ቋንቋ ለምዷል፣ ስልኩንም ይዟል። ሚኪ ኩውሲ የጉባኤው ኃላፊ ነበር፤ በ2014 ዎልት የተባለውን ምግብ አድራሽ ኩባንያ ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። የአሜሪካው ዶርዳሽ በ2021 ኩባንያውን በ7 ቢሊዮን ዩሮ ለመግዛት ተስማማ፤ ክፍያው በአክሲዮን ስለነበር ስምምነቱ በተጠናቀቀበት በ2022 ዋጋው በእጅጉ ቀንሶ ነበር፤ ያም ሆኖ ከአንድ ጉባኤ አስተባባሪ እጅ የወጣ ግዙፍ ሀብት ነው።

ካሜራው የሚያተኩረው መድረኩ ላይ ቢሆንም ዋናው ሥራ ያለው ቁጥር የተለጠፈባቸው ትንንሽ ጠረጴዛዎች በተደረደሩበት ቦታ ነው። መሥራቹና ባለሀብቱ ከጉባኤው በፊት በስልክ መተግበሪያ ይፈላለጋሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ የጠረጴዛ ቁጥር ይደርሳቸዋል። ሰዓታቸው ሲያልቅ ሌሎች ቆመው ይጠብቃሉና ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አልቪን ሮዝ ጥሩ ገበያ ሦስት ነገር ይሻል ይላል፦ የደራ እንዲሆን፣ ሲደራ እንዳይጨናነቅ፣ ተሳታፊውም እንዲተማመንበት። ብዙ ጉባኤዎች የመጀመሪያውን ብቻ ያሟላሉ። አዳራሹ ይሞላል፤ ነገር ግን አምስት መቶ ሰው አንድን ባለሀብት በር ላይ ሲከብ ባለሀብቱ በጓሮ በር ይወጣል። ቁጥር ያለው ጠረጴዛ የተሠራው ለዚህ ችግር ነው። መተማመኑ ደግሞ የሚመጣው ከመግቢያ ማጣሪያው ነው፤ በባለሀብት ስም የሚመዘገበው ሰው በእርግጥ ገንዘብ የሚያወጣ መሆን አለበት።

የመግቢያ ዋጋውም ታስቦበታል፤ ባለሀብት ከመሥራች የበለጠ ይከፍላል። ኢኮኖሚስቶቹ ዣን ቲሮልና ዣን ሻርል ሮሼ ሁለት ወገን የሚያገናኙ ገበያዎችን ሲያጠኑ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ሌላውን ወገን የሚስበው ይደጎማል፣ ተስቦ የሚመጣው ይከፍላል። መሥራቹንም ባለሀብቱንም በነፃ የሚያስገባ ጉባኤ ገቢው ከስፖንሰር ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ደንበኛው ስፖንሰሩ ነው፤ ፕሮግራሙም በስፖንሰሩ ንግግር ይሞላል።

ጉባኤ ብቻውን ኢንዱስትሪ እንደማይፈጥር ግን መታወቅ አለበት። የፊንላንዱ የስልክ ኩባንያ ኖኪያ ሲዳከም በሺዎች የሚቆጠሩ መሐንዲሶች ከሥራ ወጡ፤ ኩባንያው ራሱ ከተሰናባቾቹ የራሳቸውን ድርጅት ለሚከፍቱት በነፍስ ወከፍ እስከ 25 ሺሕ ዩሮ መነሻ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓኑ ሶፍትባንክ ከአጋሩ ጋር የሔልሲንኪውን የጌም ኩባንያ የሱፐርሴልን 51 በመቶ ድርሻ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ የባለሀብቶች ዓይን ወደ ከተማዋ ዞረ። ስላሽ የደረሰው ሙያም ገንዘብም በተነቃነቀበት ሰዓት ነው።

አዲስ አበባ የራሷ ብልጫ አላት። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፣ ከአብዛኞቹ የአህጉሪቱ ዋና ከተሞች ቀጥታ በረራ አላት፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም አፍሪካውያን ቪዛቸውን እዚሁ ሲደርሱ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። በ2016 ዓ.ም. በሳይንስ ሙዚየም የተካሄደው ስታርትአፕ ኢትዮጵያ የተሰኘ ዝግጅት መንግሥት ለጉዳዩ ቦታ መስጠቱን አሳይቷል። የሚያሳስበኝ የጉባኤዎቻችን ሰዓት አጠቃቀም ነው። የክብር እንግዳ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ መክፈቻው ይረዝማል፣ ጠዋቱ ያልቃል። ከጅማ ወይም ከባሕር ዳር በአውቶቡስ የመጣ መሥራች የቀረችው ዕድል የሻይ ሰዓት ናት፤ እዚያም ሳምቡሳ በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ከማን ጋር እንደሚያወራ ሳያውቅ ሥራውን ያስረዳል። ግማሹን ቀን ለተቀጠሩ ስብሰባዎች መስጠት የሚጠይቀው ተጨማሪ በጀት አይደለም፤ የፕሮግራም ድፍረት ነው።

መሥራቹና ባለሀብቱ ከጠረጴዛው ሲነሡ ደግሞ ሕጉ ይጠብቃቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺሕ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150 ሺሕ ዶላር እንዲመድብ ደነገገ። ለፋብሪካ ይህ ትንሽ ነው። በሐሳብ ደረጃ ላለ ሶፍትዌር 20 ሺሕ ዶላር ሊሰጥ ለፈለገ የናይሮቢ ሰው ግን በሩን የሚዘጋ ድንጋጌ ነበር። ዕድለኛው ትውልደ ኢትዮጵያዊው ነው፤ አዋጁ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመቆጠር ምርጫ ስለሰጠው ይህ ዝቅተኛ የገንዘብ መጠን አይመለከተውም። ስለዚህ አዘጋጆች ከሩቁ የካሊፎርኒያ ፈንድ በፊት ትንሽ ገንዘብና የሥራ ልምድ ያለውን የዋሽንግተንና የሲያትል ወገናችንን ቢጋብዙ፣ በአዳራሹም አንድ ጠረጴዛ ለኢንቨስትመንት ኮሚሽንና ለሰነዶች ማረጋገጫ ባለሙያ ቢሰጡ፣ ዓርብ የተጀመረ ንግግር ሰኞ ወደ ውል ሊሸጋገር ይችላል።