ከእንጦጦ መልስ እህል ለምን አልገባ ይላል?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ቢመለከቱ መንገዱን የያዙት ሯጮች ናቸው። የክለብ ቱታ የለበሰ አለ፤ ክለብ ሊፈልግ ከክፍለ ሀገር የመጣ አለ፤ ሐኪም «ቦርጭህን ቀንስ» ያለውም አለ። ስድስት ኪሎ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ አናት ሲደርሱ 3000 ይታለፋል። ዳገቱን ጨርሰው ሲወርዱ ታዲያ ያን ያህል ጉልበት ያፈሰሰ ሰው ቁርስ ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። «እህል አልገባልኝ አለ» ይላል። ማታ ግን እሱን የሚያህል በላተኛ አይገኝም።

የነገሩ አንዱ ምክንያት ደም ነው። ሩጫው ሲጠነክር ደም ወደ እግር ጡንቻና ሙቀት ለማስወጣት ወደ ቆዳ ስለሚሄድ የጨጓራና የአንጀት ድርሻ እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ደም ያጣ ጨጓራ ደግሞ ፍርፍር ቢሰጡት አይቀበልም፤ አንዳንዱን ጭራሽ ያስመልሰዋል።

ሁለተኛው ሆርሞን ነው። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ለአንጎል «ራበኝ» የሚል መልእክት የሚያደርሰውን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 አገኙት። በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ይህ ሆርሞን ይቀንሳል። በአንጻሩ ከአንጀት የሚመነጩትና ጥጋብን የሚናገሩት ፔፕታይድ ዋይዋይ እና ጂኤልፒ-1 ከፍ ይላሉ። ጂኤልፒ-1 ዛሬ ዓለም የሚሻማበት ኦዜምፒክ የተባለው መድኃኒት የሚመስለው ሆርሞን ነው። ሯጩ ለአንድ ሰዓት ያህል ያንን በነጻ ያገኘዋል ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ላክ-ፌ የሚባል ውሁድ ይፋ አደረጉ። ጡንቻ ሲጨነቅ የሚያመነጨው ላክቴት ፌኒልአላኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣመር የሚፈጠር ነው። በውፍረት በተጎዱ አይጦች ላይ ሲሞከር የሚበሉትን በግማሽ ያህል ቀነሰው። በእሽቅድምድም ፈረሶችም በሰዎችም ደም ውስጥ ከሩጫ በኋላ ተገኝቷል። በሰው ላይ ከሁሉ የበለጠ የጨመረው ከአጭርና ፈጣን ሩጫ በኋላ ነው። ሽቅብ በኃይል የሮጠው ልጅ ሆዱ ሲዘጋ፣ ሲራመድ የወጣው ጎልማሳ ግን ዳቦ ቤት ሲያይ የሚጎመጀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በአብዛኞቹ ጥናቶች የምግብ ፍላጎት ጎልቶ የሚጠፋው እንቅስቃሴው የአቅምን 60 ወይም 70 በመቶ ሲያልፍ ነው።

አየሩም የራሱ እጅ አለበት። ሙቀት ፍላጎትን ይዘጋል፣ ብርድ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የፍሎሪዳ ጥናት እንዳሳየው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብስክሌት የነዱ ሰዎች ለብ ባለ ውኃ ከነዱት ይልቅ 44 በመቶ የሚበልጥ ካሎሪ በልተዋል። ከፍታ ደግሞ ወደ መዝጋቱ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ስድስት ወንዶች አየሩ ቀስ በቀስ የኤቨረስትን እስኪመስል በሚሳሳ ክፍል ውስጥ 40 ቀን ተቀምጠው ነበር። የፈለጉት ምግብ ሁሉ እየቀረበላቸው በቀን የሚበሉት ከ3136 ወደ 1789 ካሎሪ ወረደ። እንጦጦ ኤቨረስት አይደለም፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰውም እንደ እንግዳ አይታይም። ከዝቅተኛ ቦታ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ቤት የተከራየ ወጣት ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግብ አላሰኘኝም ቢል መስነፉ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በመሮጫ ማሽን ላይ በቆሙ ወጣት ወንዶች ነው። ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶች ረሃብ በዚህ ሚዛን አልተለካም። ለእነሱ ጥያቄው ያሰኛል ወይስ አያሰኝም ሳይሆን መሶብ ላይ ምን አለ የሚለው ነው።

ስለ እኛ ሯጮች ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። አዲስ አበባ አጠገብ የሚለማመዱ 10 የረጅም ርቀት ሯጮች ለአንድ ሳምንት የሚበሉት ተመዘነ። ከጉልበታቸው 64 በመቶው የሚመጣው ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ ምግባቸውም በአብዛኛው ከእህልና ከአትክልት ነው። የበሉትና ያወጡት ጉልበት ሚዛኑ የተጠበቀ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት የጠፋው ፍላጎት ከሰዓት በኋላና ማታ ተመልሶ ሒሳቡን ዘግቷል ማለት ነው። ይህ የሆነው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ምግብ በሚቀርብበት ካምፕ ነው።

በሶ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከባድ ልምምድ የጨረሰ ሯጭ ጡንቻው ውስጥ ያለቀውን ስኳር ለመተካት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየሰዓቱ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይመከርለታል። 55 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 55 ግራም መሆኑ ነው። ያንን በእንጀራ ላግኝ ቢል ሆዱ ተዘግቷል፤ እንጀራም ገና ሳይጠግብ ቦታ ይይዛል። 100 ግራም የገብስ በሶ ግን 70 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። በቀዝቃዛ ውኃና በስኳር ወይም በማር ሃይላንድ ውስጥ ተበጥብጦ ሲጠጣ ማኘክ የለ፣ ትኩስ ሽታ የለ፣ ቅባት የለ። እህል አልገባ ያለው ሰው በሶ ይገባለታል። በውድ ዋጋ ከውጭ የሚገባው የስፖርተኛ ዱቄት ከዚህ የሚበልጥበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በሁዳዴ 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሯጭ ጠዋት ሮጦ የሆዱ መዘጋት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የረሃብና የጥም ሰዓት ነው። በቀን አንዴ የሚሮጥ ከሆነ እስከ ማግስቱ በቂ ከበላ ጡንቻው ይሞላለታል። በቀን ሁለቴ የሚሠራ ግን ሁለተኛውን ልምምድ ምግብ ከሚቀምስበት ሰዓት በኋላ ካላዛወረ ዕዳው ይጠራቀማል። ረመዳን ላይም ያው ነው።

ክብደት ሊቀንስ የሚወጣው ሰው ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሰዓት በዝግታ መራመድ 250 ካሎሪ ገደማ ያስወጣል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤም ያንኑ ያህል ነው። ፒያሳ ወርዶ «ዛሬማ ሠርቻለሁ» ብሎ ክትፎ ያዘዘ ሰው ሒሳቡን በሁለት ጉርሻ ዘግቶ ከዚያ በላይ በብድር ይበላል። ጠዋት አለመራቡን አይቶ ስፖርቱ አንጀቴን አጠበበው የሚልም ተሳስቷል፤ ማታ ይመለስበታል።

ሯጭ ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ «አልራበኝም» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። ሰውነት ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ሲያገኝ ረሃቡም ሊደበዝዝ ይችላል፤ አጥንት ይሳሳል፣ የወር አበባ ይቋረጣል፣ ወንዶቹንም ያደክማል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ችግር ስም አውጥቶለት አሠልጣኞችን አስጠንቅቋል። የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም የእግሯ አጥንት በተደጋጋሚ ከተሰነጠቀ፣ ልምምዱ ቆሞ ሐኪም ይያት።