ማስታወቂያ መማር የሚፈልግ ተማሪ ኮርሱን እንዴት ያቅድ?

ሐይቅ ወይም ውጫሌ ከተማ ላይ 12ኛ ክፍልን ጨርሳችሁ «እኔ ማስታወቂያ ነው የምማረው» ብትሉ፣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «እሱ ደግሞ የት አለ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በማስታወቂያ ስም ብቻ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ማግኘት ይቸግራል። ትምህርቱ ግን አለ። በሁለት የትምህርት ክፍሎች ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ በማርኬቲንግ ማኔጅመንት እና በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን። ስለዚህ በአንዱ ትመደባላችሁ፣ የጎደለውን ከሌላው ትለቅማላችሁ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ማርኬቲንግ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚገዛ፣ ማስታወቂያው በስንት ገንዘብ የት ቢወጣ እንደሚያዋጣ ያስተምራል። ጋዜጠኝነት ደግሞ መጻፍን፣ ድምፅ መቅረጽን፣ ካሜራና ኤዲቲንግን ያስይዛል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለአብዛኛው ተማሪ ማርኬቲንግን እመርጣለሁ። መጻፍና መቅረጽ በስልክም ቢሆን እየተለማመዱ ይሻሻላል። ስታቲስቲክስንና የገበያ ጥናትን ግን ያለ አስተማሪ መያዝ ከባድ ነው። ብዕሩ ከልጅነቱ የሚታዘዝለት ልጅ ጋዜጠኝነት ቢገባ አልቃወምም።

ለቅርብነቱ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው፤ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየዓመቱ የሚከፈቱት የትምህርት ክፍሎች ሊለዋወጡ ስለሚችሉ፣ ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዘንድሮውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ኮርሶቹ እንግባ። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ይባላል፤ ሁሉም ተማሪ ተቀራራቢ ኮርስ ይወስዳል። ብዙዎች ይህን ዓመት ለማለፍ ብቻ ይማሩታል። ለእናንተ ግን ሁለት ነገር ይወስናል። አንደኛ፣ ወደምትፈልጉት ክፍል የምትመደቡት በዚህ ዓመት ውጤትና በምርጫችሁ ነው። ሁለተኛ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ኮሙኒኬሽን፣ ሎጂክና ሒሳብ በኋላ ለሚመጡት የማስታወቂያ ኮርሶች መሠረት ናቸው። ሳይኮሎጂውን ሳይይዝ ያለፈ ልጅ «የሸማቾች ባህሪ» የሚባለው ኮርስ ላይ ይቸገራል።

ክሬዲት ምንድን ነው? የአንድ ኮርስ ክብደት መለኪያ ነው። ካሪኩለማችሁ ላይ ኢሲቲኤስ የሚል ሌላ መለኪያም ታያላችሁ፤ እሱ ከክፍል ውጭ የምትሠሩትንም ሰዓት ይቆጥራል። 3 ክሬዲት የሆነ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ነው። አንዱ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ሥራ ተብሎ ይታሰባል። በሴሚስተር 30 ከያዛችሁ 810 ሰዓት ይሆናል፤ ለ16 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ። «ቶሎ ልጨርስ» ብላችሁ ኮርስ ከመደረባችሁ በፊት ይህን አስሉ።

በጣም የማሳስባችሁ የቅድመ ሁኔታ ኮርስ ነገር ነው፤ ተማሪው ፕሪሪኪዚት ይለዋል። አንዱን ሳታልፉ ሌላውን መውሰድ አትችሉም ማለት ነው። ለምሳሌ የማርኬቲንግ መግቢያ ከሸማቾች ባህሪ ይቀድማል፤ ስታቲስቲክስ ከገበያ ጥናት ይቀድማል። ማስታወቂያን በስፋት የምታገኙበት የተቀናጀ የማርኬቲንግ ኮሙኒኬሽን ከነዚህ በኋላ ይመጣል። ብዙ ኮርስ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታቲስቲክስን ብትወድቁ አንድ ኮርስ ብቻ የቀረ ይመስላል፤ ተከትለውት የሚመጡት ሁሉ ግን አንድ ዓመት ሊገፉ ይችላሉ። ስለዚህ ካሪኩለሙን ከትምህርት ክፍሉ ውሰዱ፣ በትልቅ ወረቀት ላይ ከመጨረሻው ዓመት ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ በመስመር አገናኙ። የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ከሌላኛው ክፍል የምትፈልጉትን ኮርስ በምርጫ ኮርስ ቦታ መውሰድ ይቻል እንደሆነ አማካሪ መምህራችሁን ጠይቁ። ካልተቻለ መምህሩን አስፈቅዳችሁ ያለ ውጤት ገብታችሁ አድምጡ። የምርጫው ኮርስ ሲበዛ ግን ዋናው እንዳይረሳ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም። ፈተናው የሚወጣው ከተመደባችሁበት ክፍል ዋና ኮርሶች ነው።

ሕጉንም ከኮርሱ ሳትጠብቁ አንብቡ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ያኔ የቢራ ፋብሪካዎች ትልልቅ ደንበኞች ስለነበሩ የሙያው ሰው ሌላ ገበያ መፈለግ ነበረበት።

መለማመጃው እዚሁ አጠገባችሁ አለ። የሐይቁን ዓሣ የሚሸጥ ምግብ ቤት የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ጻፉለት። ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጎብኚዎች አንድ ገጽ መረጃ አዘጋጁ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ይህን ሳይናገር «ሁላችሁም ኑ» የሚል ጽሑፍ ከአዲስ አበባ የመጣችን እናት ደጅ ላይ ያስቀራታል። ውብ ቃል ከመደርደር በፊት ሰው ማወቅ የሚገባውን መንገር ይቅደም። እንዲህ የሠራችሁትን ሁሉ አስቀምጡ፤ ቀጣሪ ከውጤታችሁ ጋር የሠራችሁትን ማየት ይፈልጋል።

ወጪውስ? በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው ስትማሩ ቅድሚያ አትከፍሉም፤ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። ተማሪው ኮስት ሼሪንግ የሚለው ነው። የምግብና የመኝታ ወጪው ሙሉ፣ የትምህርቱ ቢያንስ 15 በመቶ በእናንተ ስም ይመዘገባል። ሥራ ስትይዙ ከወር ገቢያችሁ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። የምትፈርሙትን ቅጽ ኮፒ በየዓመቱ ያዙ።

የግል ኮሌጅ ወይም የማታ ትምህርት በክሬዲት ያስከፍላል። የአራት ዓመት ዲግሪ 140 ክሬዲት ገደማ ይሆናል። ሁለት ኮሌጆች በክሬዲት 100 ብር ቢበላለጡ መጨረሻ ላይ ልዩነቱ 14,000 ብር ነው። የመመዝገቢያ፣ የድጋሚ ፈተናና የምረቃ ክፍያ ለብቻ መሆኑንም ጠይቁ። ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ለምትመላለሱ የትራንስፖርቱን በወር አስሉትና ከቤት ኪራይ ጋር አስተያዩት። ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ዕውቅናው የሚሰጠው ለየትምህርት ዘርፉና ለየካምፓሱ ስለሆነ የአዲስ አበባውን ወረቀት ለደሴው አትቀበሉ።

የሚረሳው ወጪ የተግባር ልምምድ ነው። ትልልቆቹ የማስታወቂያ ድርጅቶች አዲስ አበባ ናቸው፤ ልምምዱ ላይከፈልበት ይችላል፣ የቤትና የታክሲ ግን አለ። የሚያስጠጋ ዘመድ ከሌላችሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ባለ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ማተሚያ ቤት ወይም የፋብሪካ ሽያጭ ክፍል ጠይቁ። ከትምህርት ክፍሉ የሚጻፈውን ደብዳቤ የፈተና ሰሞን ሳይደርስ አስጽፉት፤ ፈተና ካለቀ በኋላ ፈራሚውን ቢሮ ማግኘት ያስቸግራል።