ድፍን የፊት አክስል፦ ለዓለት የተሠራ ፒክአፕ በአውራ ጎዳና ሲፈተን

በአገር ቤት ባለ 70 ተከታታይ ቶዮታ ላንድክሩዘርን ያሽከረከረ፣ ወይም ከሥሩ ተኝቶ የጠገነ ሰው፣ ስሙን ባያነሣውም ድፍን የፊት አክስልን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የቀረበው ይህ መኪና በኢትዮጵያ አምቡላንስ፣ የመሥሪያ ቤትና የእርዳታ ድርጅት ተሽከርካሪ ሆኖ ፒስታውን ሲያቋርጥ ኖሯል። ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ቢኖር፣ በየመንገዱ ዳር ከሚያያቸው አነስተኛና መካከለኛ የቶዮታ ፒክአፖች መካከል በአብዛኞቹ ሥር ያንን አክስል ፈልጎ አያገኘውም።

ቀድሞ ነበር። በአሜሪካ የተሸጠው ባለ አራት ጎማ መጎተቻ የቶዮታ ፒክአፕ ከ1979 እስከ 1985 ሞዴል ድረስ የፊት አክስሉ ድፍን ነበር። ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ግን እያንዳንዱ የፊት ጎማ በየራሱ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ለብቻው ከፍ ዝቅ እንዲል ተደረገ። በሌሎች አገሮች ድፍን አክስል ያለው ሃይሉክስ እስከ 1997 ድረስ መመረቱ ቀጥሏል። የአሜሪካው ለውጥ ስሕተት አልነበረም። ገዢው አብዛኛውን ዕድሜውን በአስፋልት ላይ ያሳልፋል፤ አዲሱ አሠራርም በአስፋልት ላይ ይበልጥ የተረጋጋ ነው። በተራራና በዓለት ላይ መንዳት የሚወዱት ግን ፋብሪካው ያወጣውን አክስል በየጋራዡ መልሰው መግጠም ጀመሩ።

ምክንያቱን ለመረዳት ቀንበርን ማሰብ ይበቃል። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ሲጠመድ አንዱ ጉብታ ላይ ከወጣ የቀንበሩ ሌላ ጫፍ ዝቅ ይላል። ድፍን አክስልም ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ አንድ ወጥ የብረት ቤት ነው። አንዱ ጎማ ዓለት ሲወጣ ሌላኛው ወደ ታች ይገፋል፣ መሬቱንም ሳይለቅ ይቆነጥጣል። የዲፈረንሻሉም ሆድ ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚነሣ ከመሬት ያለው ርቀት ብዙም አይለወጥም። ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱበት መኪና ግን ዲፈረንሻሉ ከሻንሲው ጋር የታሰረ ነው። ጎማዎቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ የመኪናው ሆድ ወደ ዓለቱ ይወርዳል።

ቀንበሩ በፍጥነት ሲነዳ ግን ጉዳት አለው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ንዝረቱ ሌላውን ያናውጣል። አክስሉ ከነዲፈረንሻሉ ከባድ ስለሆነ ባሌስትራው ወይም ሞላው በቀላሉ አያረጋጋውም። ያረጀ ቦኮላ ወይም የላላ የመሪ መገጣጠሚያ ካለ፣ የፊት ጎማዎቹ በከፍተኛ ፍጥነት ግራና ቀኝ እየተርገፈገፉ መሪውን ከእጅ እስከመንጠቅ ሊደርሱ ይችላሉ።

የመለወጡ ሥራ ዋና ችግር ማዕዘን ነው። የፊት ጎማ ለመታጠፍ የሚዞርበት መስመር ከላይ በኩል በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። ይህ ዘንበልታ ካስተር ይባላል፤ መኪናው ከኩርባ ሲወጣ መሪው በራሱ ቀጥ እንዲል የሚያደርገውም እርሱ ነው። መኪናው ከፍ ሲደረግ ደግሞ ኃይል ወደ ፊት የሚያመጣው ዘንግ ቁልቁል ስለሚያዘነብል፣ እንዳይሰበር የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ላይ ማቅናት ያስፈልጋል። ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አፍንጫው በተነሣ መጠን ካስተሩ ይጠፋል፣ መኪናውም በመንገድ ላይ ይዋልላል። ጠንቃቃ ባለሙያ የአክስሉን ሁለት ጫፎች ቆርጦ፣ አዙሮ መልሶ ይበይዳቸዋል። ይህ ለልምምድ የሚሆን ብየዳ አይደለም። የፊት ጎማ የሚይዘው እርሱ ነውና።

መሪውም እንደዚሁ ነው። የመሪው ማርሽ ሳጥን ከሻንሲው ውጭ ይዛወራል፤ ከእርሱ የሚነሣው ዘንግ መኪናውን አቋርጦ በተቃራኒው በኩል ካለው ጎማ ጋር ይያያዛል። ይህ ዘንግ በተቻለ መጠን ረዥምና ለጥ ያለ መሆን ይገባዋል። ቁልቁል ካዘነበለ ባሌስትራው በተጨመቀ ቁጥር፣ ሾፌሩ ሳይነካው መሪው ይዞራል። ከዚህ ሌላ የፍሬን ቱቦዎቹ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል እንዳይበጠሱ መርዘም አለባቸው። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል የማርሽ ምጣኔም አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አራቱ ጎማዎች እርስ በርስ ይጓተታሉ።

የድሮው የቶዮታ አክስል ደካማ ጎኑ በሁለቱ ጫፎች ነው። ጎማው እየታጠፈም ኃይል እንዲቀበል የሚያደርገው፣ የፎርድ መሐንዲስ አልፍሬድ ዜፓ በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ዓይነት ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነው። በፋብሪካው ጎማ ልክ ረዥም ዕድሜ አለው። ትልቅ ጎማ ተገጥሞ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ይፈነዳል።

ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ስንመለስ፣ ነገሩ ከሌላ ቦታ የሚለይበት ምክንያት አለ። ለአራት ጎማ መጎተቻ መኪና የሚመቹት የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን መንገዶች፣ ለምሳሌ በሃሪሰንበርግ አቅራቢያ ያለው ፍላግፖል ኖብ፣ ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይርቃሉ። የሚኬደውም ፍጥነቱ በአንዳንድ ቦታ በሰዓት 70 ማይል በተፈቀደባቸው በኢንተርስቴት 66 እና 81 ነው። ስለዚህ ለዓለት የተሠራው ፒክአፕ ዓለቱን ከማየቱ በፊት በከባድ መኪናዎች መሐል ይፈተናል። የካስተሩ ጉድለት የሚታወቀውም እዚያ ነው፤ በመኪናው ውስጥ ደግሞ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው የአካባቢው ጠላት ጨው ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። የቶዮታ ታኮማ ሻንሲ በዝገት የሚታወቅ ነው፤ ኩባንያው በ2008 ከ1995 እስከ 2000 ላሉት ሞዴሎች የዝገት ዋስትናውን ወደ 15 ዓመት አራዘመ። በ2016 ደግሞ በኋላ የመጡ ታኮማዎችን፣ ተንድራዎችንና ሴኮያዎችን በሚመለከት እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል የፍርድ ቤት ስምምነት አደረገ። አክስሉን የሚሸከመው የባሌስትራ መያዣ የሚበየደው በዚሁ ሻንሲ ላይ ነው። ከውጭ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ከውስጥ ሊበላ ስለሚችል፣ መለወጥን ያሰበ ሰው አክስል ከመግዛቱ በፊት ሻንሲውን በመዶሻ እያንኳኳ መመርመር ይኖርበታል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ሕጉም የራሱን ያስቀምጣል። በቨርጂኒያ መኪና በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ያልፋል፤ የፒክአፕ የፊት ባምፐር ከፍታም እንደ ክብደቱ ከ28 እስከ 30 ኢንች ተገድቧል። በሜሪላንድ ምርመራው በዋናነት መኪናው ባለቤት ሲቀይር የሚደረግ ነው። ስለዚህ የተለወጠ ፒክአፕን ለመሸጥ የፈለገ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የብየዳውን ጥያቄ ያን ጊዜ ይጋፈጠዋል። በ2012 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ በወጡት ላይ ሌላም እንቅፋት አለ፤ በአሜሪካ ለቀላል መኪናዎች ግዴታ የሆነው የኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ የተሰላው ለፋብሪካው አክስል ነው።

ብየዳውን የማይደፍር ሰው ከፋብሪካው ድፍን የፊት አክስል ይዞ የሚወጣውን ጂፕ ግላዲየተር መግዛት ይችላል። ዋጋው ከአሮጌ ቶዮታ ጋር አይወዳደርም እንጂ። ደን ውስጥ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ጥሩ ጎማና የኋላውን ዲፈረንሻል የሚቆልፍ መሣሪያ ይበቃዋል፤ ሻንሲውም ሳይቆረጥ ይተርፋል።

ሥራውን የጨረሰ ሰው በመጀመሪያ በሰፈር መንገድ በዝግታ ይነዳል፤ ከዚያ የጎማ አሰላለፉን በመሣሪያ ያስለካል። የመሪውን ክንድ ከአክስሉ ጫፍ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች በንዝረት የመላላት ጠባይ ስላላቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ 100 ማይሎች በኋላ በቶርክ መፍቻ እንደገና ይጠበቃሉ፤ ከእያንዳንዱ የተራራ ጉዞ በኋላም፣ ወደ ኢንተርስቴት 81 ከመውጣት አስቀድሞ፣ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ።